ባሕር ሳናይ ለውቅያኖስ ውድድር፦ እንቁላሉ ለምን ሰጠመ?

የኮዬዋ መምህር

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ኮዬ ፈጬ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከወር በፊት አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። "ቲቸር፣ ይሄን አይተውታል?" አለችኝ። በኦንላይን የሚካሄድ የተማሪዎች ውድድር ነው። ርዕሱ ውቅያኖስ። አራት ተወዳዳሪ፣ አንድ ተጠባባቂ። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይነበባል፣ ቀድሞ ደወል የተጫነ ይመልሳል። እኔም ሳላስብበት "እንሞክራለን" አልኩ። አሁን ሰባት ሳምንት ቀርቶናል። እንቅልፍ የለኝም።

ችግሩን ልንገራችሁ። ከአምስቱ ልጆች ባሕር ያየ የለም። እኔም አላየሁም። አንዴ በአውሮፕላን ቀይ ባሕርን አቋርጫለሁ። ግን ሌሊት ስለነበር በመስኮቱ ያየሁት የራሴን ፊት ነው። ቤታችን ውስጥ ያለው የባሕር ነገር አባቴ ያመጣው ዛጎል ብቻ ነው። አባቴ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ልጅ ሆኜ ዛጎሉን ጆሮዬ ላይ ያደርግና "ስሚ፣ ባሕሩ እየጠራሽ ነው" ይለኝ ነበር። ባለፈው ለልጆቹ ወሰድኩላቸው። ተራ በተራ ጆሯቸው ላይ አደረጉት። አንዱ ልጅ ትንሽ አዳመጠና "ቲቸር፣ ይሄ የሃይገር ድምፅ ነው" አለኝ። መስኮቱ ወደ አስፋልቱ ነው የሚከፈተው።

ላብራቶሪ የሚባል ክፍል አለን። ቧንቧ አለው፣ ውሃ የለውም። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ እሱም ሌሊት፣ እሱም ከመጣ። ለሙከራ የሚሆነውን ልጆቹ ከየቤታቸው በሃይላንድ ይዘው ይመጣሉ። ውቅያኖስ ለማጥናት ሁለት ሊትር ውሃ ስንቆጥብ ብታዩን ትስቃላችሁ። እኛም ስቀናል።

ግሎብ አንድ አለችን። የሆነ ጊዜ ወድቃ ፓስፊክ ላይ ተሰርጉዳለች። ልጆቹ ስርጉዱን በዓለም ጥልቁ የባሕር ሸለቆ ስም "ማሪያና" ብለው ሰይመውታል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመጀመሪያው ቅዳሜ በጨዋማነት ጀመርን። የባሕር ውሃ በኪሎ 35 ግራም ገደማ ጨው አለው ይላል መጽሐፉ። አንድ ሊትር ውሃ ማሰሮ ውስጥ አድርገን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨመርን። አማሰልን። "በጨው ውሃ እንቁላል ይንሳፈፋል" ብዬ ደብተራቸው ላይ አስቀድሜ አስጽፌያለሁ። እንቁላሉን ለቀቅነው። ቁልቁል ወርዶ ማሰሮው ሥር ቁጭ አለ። ጠበቅን። ንቅንቅ የለም። ያቺው ስልክ ያመጣችው ልጅ "ይሄ እንቁላል ጂኦግራፊ አልተማረም" አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ቤት እስክገባ ድረስ ሲከነክነኝ ነበር።

ምኑን ነው ያበላሸሁት? ደግሞስ ከየት ልጀምር? ፊዚክሱም፣ ኬሚስትሪውም፣ ባዮሎጂውም፣ ጂኦሎጂውም ይጠየቃል። ያወረድኩት ፒዲኤፍ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ደህና ስልክ ያላቸው ደግሞ ሁለቱ ብቻ ናቸው። በአማርኛ ስጠይቃቸው ቀድመው ይመልሳሉ። በእንግሊዝኛ ስጠይቅ ግን ጥያቄው ካለቀ በኋላ ነው ፊታቸው የሚበራው። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ።

---

ሞተር ክፍል

መምህር፣ ምንም አላጠፉም። እንቁላሉም አላጠፋም። እውነተኛ ባሕር ውስጥ ቢጥሉትም ይሰጥማል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 1,025 ግራም ገደማ ይመዝናል። በዚያው መጠን ትኩስ እንቁላል ቢያስቡ ወደ 1,080 ግራም ይጠጋል። እንቁላሉ ከባሕሩ ይከብዳል ማለት ነው። እንዲነሳ ከፈለጉ በሊትር ከ100 ግራም በላይ ጨው ያስፈልጋል። ያ ደግሞ ባሕር አይደለም፣ አፋር ያለው ጨዋማው አሳሌ ሐይቅ ነው። እንቁላሉ ሱቅ ውስጥ የሰነበተ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ ይነሳል፤ ሲቆይ ውሃው በቅርፊቱ እየተነነ ውስጡ አየር ይይዛል። እናቶቻችን ያረጀ እንቁላል የሚለዩት በዚሁ ነው።

ስለዚህ ሙከራውን አይጣሉት። አንድ አንድ ማንኪያ እየጨመሩ ይቁጠሩ። ስንተኛው ላይ ተነሳ? ከዚያ የእንቁላሉን እፍጋት ልጆቹ ራሳቸው ያስሉት። "በጨው ውሃ ይንሳፈፋል" ብሎ ከመጻፍ ይሄ መቶ እጥፍ ይሻላል።

እኔ በመርከብ ሞተር ክፍል ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ባሕር ዳር ነው የሠለጠንኩት። ባሕር የሌላት ከተማ ስሟ ባሕር ዳር መሆኑ መርከብ ላይ ለፊሊፒኖዎቹ ሁሌ የማስረዳው ጉድ ነበር። እኛ እፍጋትን በመጽሐፍ አይደለም የምናውቀው። መርከብ ጎን ላይ የጭነት መስመር ይሳላል። አንድ መስመር ብቻ አይደለም። ለጨው ውሃ ሌላ፣ ለወንዝ ውሃ ሌላ፣ ለሞቃት ባሕር ሌላ፣ ለቀዝቃዛ ባሕር ሌላ። ያው መርከብ፣ ያው ጭነት፣ ከወንዝ ወደ ባሕር ሲወጣ ከፍ ይላል። ልጆቹ በእንጨት ቁራጭ ሊያዩት ይችላሉ፤ እርሳስ ቢሆንም ይሠራል፣ ታችኛው ጫፉ ላይ ትንሽ ሚስማር አስረው ያቁሙት።

ሁለተኛ፣ ከሩቁ ፓስፊክ አይጀምሩ። ከቀይ ባሕር ይጀምሩ። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስበት ወንዝ የለውም። ዝናቡ ከቁጥር አይገባም። በዓመት ግን ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ውሃ ይተናል። ታዲያ ለምን አይደርቅም? በባብ ኤል መንደብ የባሕር መተላለፊያ በኩል ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ስለሚገባለት። በጣም ጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በበጋ ወራት ቀለል ያለው ውሃ ከላይ ይገባል፣ ጨው የበዛበትና የከበደው ከታች ይወጣል። ባለ አንድ ፎቅ መንገድ በሉት። ፎቁ ገቢ፣ ምድር ቤቱ ወጪ። ቀይ ባሕር ሰሜን ጫፍ ላይ ጨዋማነቱ በኪሎ 40 ግራም ይደርሳል። በክረምት የእኛ ሞተር ማቀዝቀዣ የባሕር ውሃ ከ30 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይገባ ነበር። ቴርሞሜትሩ ላይ ዓይናችንን ተክለን ነበር የምናልፈው።

ይሄን በጎድጓዳ ሳህን ማሳየት ይቻላል። የጨው ውሃውን በቀይ ሥር ውሃ ያቅሉት። ሳህኑን መሐል ላይ በካርቶንና በፌስታል ከፍለው አንድ ጎን ቀዩን፣ አንድ ጎን ተራውን ያፍሱ። ከዚያ ካርቶኑን ቀስ ብለው ወደ ላይ ያውጡት። ቀዩ ከሥር ሲሾልክ ያያሉ። ሦስት ሊትር ውሃ ይበቃል፤ በኋላ ወለል ያጥቡበታል።

ስለ ግሎቧ ደግሞ አንድ ነገር። የተለመደችው 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነች፣ 11 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የማሪያና ጥልቀት በእሷ ላይ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሦስት የደብተር ወረቀት ማለት ነው። የውቅያኖስ አማካይ ጥልቀት 3,700 ሜትር ገደማ ነው፤ እሱ አንድ ወረቀት አይሞላም። የእናንተ ስርጉድ መሬት ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይሄን የምንጻጻፍ አይመስለኝም።

---

ሁለተኛ ዙር ላይ የተሸኘው

ቲቸር ሰላም! እኔ ቱሉ ዲምቱ ነኝ፣ ጎረቤት ነን። አምና ሌላ የሳይንስ ጥያቄና መልስ ላይ ገብተን ሁለተኛ ዙር ላይ ተሸኘን። ከመሸነፍ የተማርኩትን ልንገርዎት።

አንደኛ፣ እኛን የጣለን አለማወቅ አይደለም። "የባሕር ውሃ ጨዋማነት ስንት ነው?" ተባለ። ጓደኛዬ ከሁሉ ቀድሞ ተጫነ። "ሠላሳ አምስት ፐርሰንት!" ሼም ነው። ሠላሳ አምስት ከሺህ ነው እኮ፣ ማለትም 3.5 ፐርሰንት። ቁጥሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ አሃዱን ማንም አልያዘውም። ስለዚህ ልጆቹ ቁጥር ያለ አሃድ ሲናገሩ እንደ ስሕተት ይቁጠሩባቸው። የመርከብ ፍጥነት መለኪያው ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፣ የጥልቀት መለኪያው ፋተም 1.83 ሜትር ገደማ ነው። እነዚህ አይቀሩም።

ግፊትም ላይ ወጥመድ አለ። በየ10 ሜትሩ አንድ አትሞስፌር ይጨምራል። "30 ሜትር ላይ ስንት ነው?" ሲባል ሦስት ብለው ይሮጣሉ። አራት ነው፤ ከላይ ያለው አየርም አንድ አለ።

ቃላቱን ደግሞ በራሳችን ቀልድ ነበር የምንይዘው። ቴርሞክላይን (ወደ ታች ሲወርዱ ሙቀቱ ቶሎ የሚቀየርበት የውሃ ንብርብር)፦ ቴርሞስ፣ ሙቀት። ሃሎክላይን (ጨዋማነቱ ቶሎ የሚቀየርበት)፦ "ሃሎ" የስልክ ሃሎ አይደለም፣ ጨው ነው። ቀሽም ቀልድ ነው፣ ግን በጭንቅ ሰዓት ትዝ የሚለው ቀሽሙ ነው።

እንግሊዝኛው ላይ እኛ ያደረግነው ይሄ ነው። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈትን። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንዳችን አንድ ጥያቄ በድምፅ እንልካለን፣ ፍጥን አድርገን፣ አፍንጫችንን ይዘን፣ ልክ እንደ ፈረንጅ አንባቢ። ድምፅ መልእክት ብዙ ካርድ አይበላም። ስልክ የሌለው ልጅ በታላቅ እህቱ ስልክ ይሰማ ነበር። ወሩ ሲያልቅ እህትየውም መመለስ ጀመረች።

ደወል ይሥሩ። ያለ ደወል የሚደረግ ልምምድ፣ እጅ እያወጡ፣ ምንም አይጠቅምም። መርካቶ የበር ደወል ማብሪያ አራት ገዛን፣ ትንንሽ አምፖልና ባለ 9 ቮልት ባትሪ። ማን ቀደመ በሚል ድብድብ ሊነሳ ሲል አጎቴ ሪሌ ጨመረበት። አንዱ ሲጫን የሌላው ይዘጋል። አሁን ቤት ቁጭ ብሏል። ከፈለጉ ቅዳሜ አመጣዋለሁ። አንዷ ማብሪያ ትንሽ ትይዛለች፣ ጠንከር ተደርጋ ነው የምትጫነው።

---

ዝናብ ቆጣሪ

እህቴ፣ ሥራሽን እግዚአብሔር ይባርክልሽ። እኔ የአየር ጠባይ መለኪያ ጣቢያ ላይ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮ ስከፍት ነው የኖርኩት። ባሕር አላየሁም። ነገር ግን ባሕሩ እኔ ጋ ሲመጣ አይቻለሁ።

ልጆችሽ ስለ ኤል ኒኞ በቃላቸው ይዘው ይሆናል። የፓስፊክ ውቅያኖስ መሐሉና ምሥራቁ ይሞቃል፣ የንግድ ነፋሱ ይደክማል፣ ወዘተ። ያን ተዪውና እናቶቻቸውን ይጠይቁ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ምን ሆነ በሏቸው። እ.ኤ.አ. 2015 መሆኑ ነው። ያኔ ኤል ኒኞው ብርቱ ነበር። በሰሜንና በምሥራቅ የአገራችን ክፍል ክረምቱ ከሸፈ፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈለገ። ገበያ ላይ ጤፍ የሸመተች እናት ፓስፊክን ታውቀዋለች፤ ስሙን ነው የማታውቀው።

አንድ ነገር ግን እንዳይሳሳቱ። ኤል ኒኞ ሲመጣ አገሩ ሁሉ አይደርቅም። የሰሜኑና የመሐሉ ክረምት ሲቀንስ፣ የደቡብና የደቡብ ምሥራቁ የመስከረም እስከ ኅዳር ዝናብ ብዙ ጊዜ ይጨምራል። እዚያ ላይ የሕንድ ውቅያኖስም እጁን ያስገባል። የምዕራቡ ጎን፣ ማለትም የእኛ ወገን፣ ሲሞቅና የኢንዶኔዥያው ወገን ሲቀዘቅዝ የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1997 እንዲያ ነበር። በ2019ም እንዲያው። በ2019 ያ ዝናብ አንበጣውን አፋፋው። አንበጣው ቀድሞ በ2018 ሁለት አውሎ ነፋሶች ባረጠቡት የዐረብ ምድረ በዳ ተራብቶ ነበር። ልጆቹ አንበጣውን ያስታውሱታል፤ ከዚያ ጀምሪላቸው፣ ባሕሩ ድረስ ይወስዳቸዋል።

ሌላው የምወደው የሶማሌ ጠረፍ ነው። ክረምት እዚህ ሲገባ እዚያ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ጠረፉን ተከትሎ ነው የሚነፍሰው። ውሃው ግን ነፋሱን ተከትሎ አይሄድም። ምድር ስለምትዞር፣ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ከላይ ያለው ውሃ ጠቅላላ ጉዞው ወደ ነፋሱ ቀኝ ነው። ቀኙ ደግሞ ወደ ጥልቁ ባሕር ነው። የላዩ ውሃ ከጠረፉ ሲርቅ ከሥር ቀዝቃዛው ይወጣል። ለምድር ወገብ በዚያ ቅርበት ላይ ሳለ ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቀዝቃዛው ውሃ ንጥረ ነገር ይዞ ስለሚወጣ ጥቃቅኑ ዕፅዋት ይፋፋል፣ ዓሣውም ይከተላል። ክረምቱ ሲያልፍ ነፋሱ ይገለበጣል፣ ጅረቱም አብሮት አቅጣጫውን ይቀይራል። በየዓመቱ እንዲህ የሚገለበጥ ትልቅ የውቅያኖስ ጅረት ሌላ ቦታ ፈልገሽ አታገኚም ማለት ይቻላል። ጠያቂዎች ይወዱታል።

ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ይለማመዱት። ፊት ለፊት ነፋስ የሚሄድበት፣ ቀኝ እጅ ውሃ የሚሄድበት። ከደቡብ ንፍቀ ክበብ ሲጠየቁ ግራ እጅ። ሰው ቢያያቸው ትራፊክ ፖሊስ ይመስላሉ፣ ግድ የለም።

---

ጨው ነጋዴ

እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም፣ ጨው ነው የምሸጠው። ግን ለጭነት አፋር ስመላለስ ዳናኪል ላይ ያየሁትን ልናገር። መሬቱ ከባሕር ወለል በታች ነው፣ ዳሎል አካባቢ ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ዳር ዳሩ ላይ የኮራል ድንጋይ አለ። ዛጎልም አለ፣ ድንጋይ የሆነ። አብረውን የነበሩት የጂኦሎጂ ሰዎች "ቀይ ባሕር እዚህ ድረስ ይገባ ነበር፣ ሲዘጋበት ተኖ ጨውን ትቶ ሄደ" አሉን። አሞሌው እሱ ነው። ደግሞ መሬቱ አሁንም እየተለያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 መስከረም እዚያው አፋር ዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በቀናት ውስጥ ተሰንጥቆ ቦታ ቦታው ላይ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። ባሕር ድሮ እንደዚያ ነው የሚጀምር።

መምህሯ ለሙከራ ጨው ከፈለገች 5 ኪሎ በነፃ እልካለሁ። ለእንቁላሉ ብቻ ግን ይበዛል።

---

የኮዬዋ መምህር

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ።

እንቁላሉን ደገምነው። ደብተር ላይ ያስጻፍኩትን አረፍተ ነገር መጀመሪያ አስሰረዝኩ። ከዚያ እያንዳንዱን ማንኪያ ጨው እየቆጠርን ጨመርን። አምስተኛው ላይ አንደኛው ጫፉ ቀና አለ። ሰባተኛው ላይ ሽቅብ መጣ። "ተነሳ! ተነሳ!" ብለው ሲጮሁ የጎረቤት ክፍል መምህር መጥቶ አየን። ማንኪያችን ለጥ ያለ ነው ወይስ ቁልል የሚለው ላይ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቁ። አልከለከልኳቸውም። በኋላ አንዷ ከሱቅ ሚዛን ለምና መጣችና አንድ ማንኪያ 17 ግራም ሆኖ አረፈ። ከዚያ እንቁላሉን ቀቅለን ለአምስት ተካፈልነው። የመቀቀያው ውሃ ስንት ዲግሪ ላይ ፈላ? 93። "ለምን 100 አልሆነም?" ብለው ወደ አየር ግፊት ገቡልኝ። እኔ ያቀድኩት ለሦስተኛው ሳምንት ነበር።

የቀይ ሥሩም ሠርቷል። ካርቶኑ ስለተጣመመ መጀመሪያ ሁሉም ተደባለቀ፣ ሁለተኛው ላይ ግን ቀዩ ከሥር ሲሾልክ ዝም ብለው አዩት። ፎቁ ገቢ፣ ምድር ቤቱ ወጪ የሚለው አሁን መፈክራቸው ሆኗል።

ደወሉም መጣ፤ ልጁ ራሱ ይዞት መጥቶ ከእኛ ጋር ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ልምምድ መራልን። የምትይዘዋ ማብሪያ ለዚያች ስልክ ላመጣችው ልጅ ደረሰች። ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ነው የምትጫነው። ዛጎሉን በተመለከተ፣ የሃይገር ድምፅ ያለው ልጅ ልክ ነበር። ያነበብኩት እንደሚለው ዛጎሉ የራሱ ድምፅ የለውም፣ በዙሪያው ያለውን ድምፅ ነው እየመረጠ የሚያስተጋባው። ለአባቴ አልነገርኩትም።

አሁን ሌላ ነገር አስበናል። በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ወላጆች ከፈቀዱ፣ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ልንወርድ ነው። የቀለም ባልዲ ክዳን ነጭና ጥቁር ቀብተን በገመድ አስረነዋል። ሴኪ ዲስክ ይሉታል፤ ጣሊያናዊው ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የሞከረው ነው። ውሃው ውስጥ እያወረዱ ከዓይን የሚጠፋበትን ጥልቀት መለካት ነው። ገመዱ ላይ በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ አድርገናል። 10 ሜትር ይበቃል?

---

ሞተር ክፍል

20 አድርጉት። ዲስኩ 10 ሳይደርስ ይጠፋባችኋል። ግን ጠርሙስ አስራችሁ ከታች ያለውን ውሃ ማውጣትና ሙቀቱን መለካት ትፈልጋላችሁ፤ ሐይቁ ከ60 ሜትር በላይ ጥልቅ ነው። ቡሹን በቀጭን ሲባጎ ለብቻው እሰሩት፣ ታች ሲደርስ ሳብ ታደርጉታላችሁ። ቴርሞሜትሩን ጠርሙሱ ውስጥ ጨምሩት፣ ውጭ ከሆነ ሲወጣ ይሞቅና ይዋሻችኋል። ጀልባ ላይ ከወጣችሁ ለእያንዳንዱ ልጅ የመንሳፈፊያ ጃኬት፣ ያለዚያ ከጀልባ ማቆሚያው እንጨት ላይ ይሁን። የተረፈውን ገመድ ልብስ ማስጫ ታደርጉታላችሁ።